ክፉው ዓመት ቢመጣስ? በትርፍና በሥጋት መካከል ስለ መምረጥ

(በሬድዮ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

 

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን በየዓመቱ የሚገጥመን ነው። ሰው መጨረሻቸው አስቀድሞ ከማይታወቅ ነገሮች አንዱን ሲመርጥ በምን መዝኖ ይመርጣል? ማዳበሪያ በብድር ልውሰድ ወይስ ባለኝ ፍግ ልዝራ? ማሳውን ለበርበሬ ላውለው ወይስ ለዳጉሳ? ልጄ «በሬውን ሽጠህ ወደ ዐረብ አገር ላከኝ» ሲለኝ ምን ልመልስለት? በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በከተማም ሆነ በገጠር ያለ ቤተሰብ ከእነዚህ ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱን ያውቀዋል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የምንሰጠው ፍርድ ችኩል ነው። ማዳበሪያ አልወስድም ያለውን ገበሬ «ኋላ ቀር ነው፤ ፈሪ ነው» እንለዋለን። የቤቱን ጥሪት አሟጦ የተሰደደውን ወጣት ደግሞ ቢቀናው «ደፋር»፣ ባይቀናው «ዕብድ» እንለዋለን። እነዚህ ፍርዶች ሁሉ የሰውየውን ጠባይ እንጂ የቆመበትን ቦታ አያዩም። ነገሩን በጥናት የመረመሩ ሊቃውንት ግን የሰው ፍርሃትም ሆነ ድፍረት በአመዛኙ ከቆመበት ቦታ እንደሚመነጭ አሳይተዋል። ይህን ማወቅ ለቤተሰባችን ውሳኔ ምን ይጠቅማል? በዝርዝር እንመልከተው።

አማካይ አይበላም

ሊቃውንቱ የሰውን አመራረጥ ለመረዳት «ሞዴል» ይሠራሉ። ሞዴል ማለት ግንበኛ ቤት ከመሥራቱ በፊት በወረቀት ላይ እንደሚያወጣው ንድፍ ነው። ንድፉ ራሱ ቤቱ አይደለም፤ ዝናብም ፀሐይም አያስጥልም። ነገር ግን ምሰሶው የት እንደሚቆምና በሩ ወዴት እንደሚከፈት ያሳያል።

የመጀመሪያውና ቀላሉ ንድፍ የአማካይ ስሌት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው። በአንድ ማሳ ላይ በቆሎ የሚዘራ አባወራ አለ እንበል። ያለ ማዳበሪያ ቢዘራ ዝናቡ ባማረ ዓመት 8 ኩንታል፣ ዝናቡ በጎደለ ዓመት 6 ኩንታል ያገኛል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ወስዶ ቢዘራ ደግሞ ባማረው ዓመት 16 ኩንታል፣ በጎደለው ዓመት 7 ኩንታል ያገኛል። የብድሩ ክፍያ ወደ እህል ሲመለስ 4 ኩንታል ነው። ስለዚህ ዕዳውን ከፍሎ የሚቀረው ባማረው ዓመት 12፣ በጎደለው ዓመት 3 ኩንታል ነው ማለት ነው።

ከ10 ዓመት ውስጥ 7ቱ ያማሩ፣ 3ቱ የጎደሉ ናቸው ብንል ያለ ማዳበሪያ የሚያገኘው አማካይ በዓመት 7.4 ኩንታል ይሆናል። በማዳበሪያ ግን 9.3 ኩንታል ነው። በወረቀት ላይ የሚያሰላ ሰው «ማዳበሪያው ይሻላል፤ አለቀ!» ይላል። አባወራው ግን «እንጃ» ይላል። ማነው የተሳሳተው?

አሁን አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ቤተሰብ ዓመቱን ለመክረም የሚያስፈልገው 6 ኩንታል ነው። ያለ ማዳበሪያ የሚዘራ ከሆነ በክፉው ዓመትም ቢሆን እንደምንም ይከርማል። በብድር የሚዘራ ከሆነ ግን በክፉው ዓመት 3 ኩንታል ይጎድለዋል። ጉድለቱን ለመሙላት ምን ይሸጣል? በሬውን ነው። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ለሌላ የእኩል ይሰጣል፤ ዝናቡ ቢያምርም ከምርቱ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ክፉ ዓመት ብቻውን አይመጣም፤ የሚቀጥሉትን ደጋግ ዓመታትም ይዞ ይሄዳል። አማካይ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ግን አይበላም። ቤተሰብ የሚበላው በየዓመቱ ጎተራው ውስጥ የገባውን ነው።

ይህን ጉዳይ ዳንኤል በርኑሊ የተባለ የስዊስ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ጽሑፍ አንስቶታል። ያለው ነገር በአጭሩ ሲገለጽ፣ የገንዘብ ጥቅም ለሁሉም ሰው እኩል አይደለም፤ ለድሃው የምትጨመር 100 ብር ለባለጸጋው ከምትጨመረው 100 ብር እጅግ ትበልጣለች የሚል ነው። ከድሃው የምትጎድለው 100 ብርም እንዲሁ ከባለጸጋው ከምትጎድለው ይልቅ ታምማለች። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንሽተርን የተባሉ ምሁራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 ይህን ሐሳብ በተሟላ የሒሳብ ሥርዓት አስቀመጡት። በዚህ ንድፍ መሠረት የእኛ አባወራ ሒሳብ ያልገባው ሰው አይደለም። ይልቁንም ወረቀት ላይ ያልተጻፈውን ሒሳብ ነው የሚያሰላው።

በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ምን አሳዩ?

ይህ ነገር በአገራችን ገበሬዎች ዘንድም ተጠንቷል። ማሕሙድ የሱፍ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከራንዳል ብለፍስቶን ጋር ሆነው በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ በ262 ቤተሰቦች ላይ ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ገበሬዎቹ ስድስት ምርጫዎች ይቀርቡላቸዋል። የመጀመሪያው ቢቀናም ባይቀናም ያው አንድ ዓይነት ገንዘብ የሚያስገኝ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት እየራቁ በሄዱ ቁጥር ሲቀና የሚገኘው ይበዛል፤ ሳይቀና የሚገኘው ያንሳል። ክፍያው የእውነት ገንዘብ ስለነበረ ሰዎቹ በቁም ነገር ነበር የመረጡት።

ውጤቱስ? ከግማሽ የሚበልጡት ቤተሰቦች ሥጋትን አጥብቀው የሚሸሹ ሆነው ተገኙ። በእስያ ገጠሮች በተደረጉ ተመሳሳይ ጥናቶች ግን አብዛኛው ሰው የሚገኘው መካከለኛው ላይ ነበር። ልብ እንበል! ጥናቱ እዚህ ላይ አልቆመም። ሀብት ያላቸው ቤተሰቦች ከሌላቸው ይልቅ ይደፍራሉ። ምርጫው ማግኘትን ብቻ ሳይሆን ማጣትንም የሚያካትት ሲሆን ፍርሃቱ በጣም ይጨምራል። ቀደም ባለው ምርጫ የቀናው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ደፋር ይሆናል። እንግዲህ ድፍረት ከደም ጋር የሚወረስ ቢሆን ኖሮ በንብረት ብዛትና በትናንት ዕድል ባልተለዋወጠ ነበር።

ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን የተባሉ ምሁራንም በዚሁ መንገድ የማዳበሪያን ጉዳይ መርምረዋል። የተጠቀሙበት መረጃ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘውን የትመንን ጨምሮ በ15 የገጠር መንደሮች ያሉ ቤተሰቦችን ለዓመታት እየተመላለሰ ከጠየቀ ጥናት የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ ገበሬውን ከማዳበሪያ የሚያርቀው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። መኸሩ ባይሳካ ቤተሰቤ ምን ይበላል የሚለው ሥጋትም ነው። በመሆኑም ድሃው ትርፍ ያለውን ሥራ ይሸሻል፤ ትርፉን ስለሸሸም ድሃ ሆኖ ይቀራል። አዙሪቱ ይህ ነው።

የገበያም ክፉ ዓመት አለ

ክፉ ዓመት ሲባል የዝናብ መጉደል ብቻ የሚታሰበን ካለን ከቅርብ ታሪካችን እንማር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር በስፋት ይሰራጭ ነበር። በተለይ ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዘር ምዕራብ ጎጃምን በመሰለው የበቆሎ አገር ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ምርቱ ጥሩ ሆነ። ታዲያ በቆሎው በአንድ ጊዜ ገበያ ሲወጣ ዋጋው እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ወደቀ። ዕዳው ግን አልወደቀም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። አባወራው 16 ኩንታል አፈሰ፤ አልሐምዱሊላህ። ዋጋው በግማሽ ቢወድቅ ግን ያ በ4 ኩንታል ይከፈል የነበረው ዕዳ 8 ኩንታል ይጠይቃል። የሚቀረው 8 ኩንታል ያለ ማዳበሪያ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ዝናቡ አምሮ፣ እርሻው ሠምሮ ሳለ የደከመበት ትርፍ ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ዕዳ ለመክፈል ከብት እስከ መሸጥ የደረሱ ነበሩ። ብዙዎች በተከታዩ ወቅት የማዳበሪያና የምርጥ ዘር አጠቃቀማቸውን ቀነሱ። በዚያው በ2002 ክረምት በብዙ የአገራችን ክፍሎች ዝናቡ ጎደለና ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በጥጋቡ ዓመት በዋጋ የተጎዳ፣ በችግሩ ዓመት በምርት ተጎዳ።

እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ፣ እህል ገበያ ሳይደርስ ሲቀር አይተናል። ስለዚህ «ክፉ ዓመት» ስንል ዝናቡን፣ ገበያውንና ሰላሙን ሦስቱንም ማለታችን ነው።

ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ለምን ይደፍራል?

እስካሁን ያየነው ሰው ለምን እንደሚፈራ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አባት ማዳበሪያን ከፈራበት ቤት ልጅ ጥሪቱን ሁሉ ለደላላ አስረክቦ ባልወጣ ነበር። ይህን የሚያስረዳ ሌላ ንድፍ ያስፈልጋል።

ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ በርግጠኝነት 3,000 ማግኘት ይሻላችኋል? ወይስ ከ100 በ80 ዕድል 4,000 ማግኘት፣ ካልሆነ ግን ባዶ እጅ መቅረት? ከ100 ሰው 80ው የተረጋገጠውን መረጠ። ቀጥለው ጥያቄውን ወደ ማጣት ገለበጡት፦ በርግጠኝነት 3,000 ማጣት ይሻላችኋል? ወይስ ከ100 በ80 ዕድል 4,000 ማጣት፣ ካልሆነ ግን ምንም አለማጣት? አሁን ከ100 ሰው 92ቱ ዕድሉን ልሞክር አለ! ሰው በማግኘት በኩል ሲቆም ይፈራል፤ በማጣት በኩል ሲቆም ይደፍራል ማለት ነው። ከዚህም ጋር የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ እንደሚበልጥ አሳዩ። ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1996 በሞት ተለየ፤ ካህነማን በ2002 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ይህ ለእኛ ቤት ምን ማለት ነው? ዕዳ የተከመረበት፣ እንደ እኩዮቹ መሆን ያልቻለ፣ «የጠፋው ጠፍቷል» ያለ ሰው ራሱን የሚያየው ከጉድጓድ ውስጥ ነው። ወደ ነበረበት በአንዴ የሚመልሰው ነገር ከተገኘ አደጋውን አይመዝንም። ደላላው በር የሚያንኳኳው በዚህ ጊዜ ነው። ውርርድ ቤት የሚገባው ወጣትም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ 50 ብር ይሸነፋል፤ ከዚያ 50ዋን ለማስመለስ 200 ያስይዛል። ትናንት ማዳበሪያን የፈራው እጅና ዛሬ በሬውን የሸጠው እጅ የአንድ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው።

ሊቃውንቱ ሌላም ነገር አስተውለዋል። ሰው በጣም ትንሽ የሆነን ዕድል ከሚገባው በላይ አግዝፎ ያያል። ለአብነት 100,000 ትኬት የሚሸጥበትና አንድ ሰው ብቻ ትልቁን ዕጣ የሚያገኝበት ሎተሪ ቢኖር፣ በየሳምንቱ አንድ ትኬት የሚገዛ ሰው 100,000 ትኬት ገዝቶ ለመጨረስ ከ1,900 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። በሐሳባችን ግን ያ ዕጣ የነገ ሆኖ ይታየናል። ቁማር በሃይማኖታችን ሐራም መሆኑ የታወቀ ነው። የሰው ልብ በየት በኩል እንደሚታለል ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ክልከላው ቤተሰብን ከምን እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው።

ክፉውን ወገን ማን ይሸከመው?

እንግዲህ መፍትሔው «አትፍሩ» ብሎ መስበክ አይደለም። «አትሞክሩ» ማለትም አይደለም። የቆምንበትን ቦታ ማጠንከር ነው። ክፉው ዓመት ሲመጣ የማይጥለን ከሆነ የደጉን ዓመት ትርፍ ለመሞከር አቅም እናገኛለን።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ይህን በሥራው ያውቀዋል። ማሳውን ሁሉ ለበርበሬ አይሰጥም። በርበሬ ሲይዝ ያከብራል፤ ሥሩን የሚያበሰብሰው በሽታ ሲገባበት ግን ባዶ ያስቀራል። ስለዚህ ጥቂቱን በቆሎ፣ ጥቂቱን ዳጉሳ ያደርገዋል። ዳጉሳ በጎተራ ውስጥ ነቀዝ ሳያጠፋው ለዓመታት ስለሚቆይ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው። ሲራራ ነጋዴዎች የነበሩት አባቶቻችንም ዐባይን ተሻግረው ወደ ባሶ ገበያ ሲመላለሱ ብቻቸውን አይጓዙም ነበር። በመንገድ ያለውን አደጋ ብዙ ሆነው ነው የሚጋፈጡት። የነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የሰባቱ ችግር ዓመታት መድኅን በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከነዛላው የተከማቸው እህል ነበር።

በሸሪዓችን ሙዷረባ የሚባለው የንግድ ውልም ከዚህ ጋር የሚያያዝ ትልቅ ቁም ነገር አለው። አንዱ ገንዘብ ያወጣል፤ ሌላው ይሠራል። ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ያለ ሠራተኛው ጥፋት ኪሳራ ቢመጣ ግን የገንዘቡ ኪሳራ የሚወድቀው በባለ ገንዘቡ ላይ ነው፤ ሠራተኛው ድካሙን ያጣል። ከብድር ጋር አነጻጽሩት። በብድር ዝናብ ዘነበም ቀረም፣ ዋጋ ወጣም ወረደም ዕዳው አይለወጥም፤ ክፉው ወገን ሁሉ በተበዳሪው ጫንቃ ላይ ነው። በወለድ ላይ ያለው ብይን የራሱ ሰፊ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየው። ዛሬ ማለት የምንፈልገው፣ ሥጋትን የመሸከም አቅም ያለው ሰው ጥቂቱን ቢሸከም አቅም የሌለው ሰው መሥራት ይችላል ነው።

ሌላ ቦታ የተሞከረም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ ዓዲ ሓ በተባለች ቦታ 200 ጤፍ አምራች ቤተሰቦች ዝናብ ሲጎድል ክፍያ የሚያስገኝ መድን ገብተው ነበር። ዝናቡ የሚለካው በሳተላይት መረጃ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሌላቸው መዋጮውን በጉልበት ሥራ መክፈል ይችሉ ነበር። በተለመደው ኢንሹራንስ ላይ ዑለሞች ጥያቄ እንዳላቸው ይታወቃል። በመረዳዳት ላይ ለተመሠረተው ተካፉል ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያ አውጥቷል። ነጋዴዎቻችንና የተማሩ ልጆቻችን ይህ አሠራር ወደ ገጠሩ የሚደርስበትን መንገድ ቢያስቡበት መልካም ነው።

በቤታችን ስንመካከር

ትልቅ ውሳኔ ከመወሰናችን በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይመካከር። የቤቱ እናት ትኑርበት፤ ጎተራው እስከ መቼ እንደሚያደርስ ከሁሉ በላይ የምታውቀው እርሷ ናትና። የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናንሳ።

አንደኛ፦ ነገሩ ባይሳካ ምን ይቀረናል? «ምን እናተርፋለን?» የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። የሚቀረን ነገር ቤተሰቡን የሚያከርም ካልሆነ ትርፉ የቱንም ያህል ቢያምር እንቆይ።

ሁለተኛ፦ ጉዳቱን የሚሸከመው ማነው? ደላላው ገንዘቡን አስቀድሞ ከተቀበለ ልጃችን በመንገድ ቢቀር እርሱ የሚያጣው ነገር የለም። ከጉዳቱ የማይካፈልን ሰው ምክር በጥንቃቄ እንስማ።

ሦስተኛ፦ አሁን የምንወስነው ከየት ቆመን ነው? ከዕዳና ከቁጭት ላይ ቆመን ከሆነ ልባችን ወደ ድፍረት እንደሚያዘነብል እንወቅ። ውሳኔውን እናሳድረው፤ በጉዳዩ የማይጎዳና የማይጠቀም ሽማግሌ እናማክር፤ ኢስቲኻራ እንስገድ።

አራተኛ፦ በትንሹ መሞከር አይቻልም? ሙሉውን ማሳ ከማስያዝ በአንድ ጥግ ማዳበሪያውን መሞከር ይቻላል። ቢሳካ በሚቀጥለው ዓመት ድፍረቱ ራሱ ይመጣል፤ ባይሳካ የሚጎድለው የአንድ ጥግ ምርት ነው።

አላህ ሀብት የሰጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ! ጎረቤታችሁን ፈሪ ከማለታችሁ በፊት በእርሱ ጎተራ ልክ አስቡ። ያበደራችሁት ሰው ክፉ ዓመት ከገጠመው ቀን ስጡት፤ ለተቸገረ ባለ ዕዳ ጊዜ መስጠት በቁርኣን የታዘዝንበት ጉዳይ ነው። በሬውን ከሸጠ በኋላ ከምትረዱት ሳይሸጠው ብትደርሱለት ይበልጣል።

«በአላህ ከተመካን ይህ ሁሉ ስሌት ለምን?» የሚል ቢኖር መልሱ የታወቀ ነው። ግመሉን ልሰር ወይስ ፈትቼ በአላህ ልመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያም እንዲመካ አዘውታል። ለቤተሰባችን የክፉውን ዓመት ቀለብ ማሰብ ግመሉን ማሰር ነው። ዝናቡና ሲሳዩ ግን በአላህ እጅ ነው።

አላህ ክረምቱን የበረከት፣ አገራችንን የሰላም ያድርግልን።